ሬሳ ሆኖ የሚተውነው ሰው

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ዋሽቼ እንደሆነ የፎገራ ሩዝ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም።

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሰላዩ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

ቦታው ወረታ ነው፤ ከመገንጠያው ጀርባ ያለው አሮጌው ንጋት ሲኒማ። ቅዳሜ ፊልም፣ እሁድ ቴአትር። ሰላዩ በመሥሪያ ቤቱ «ሽመላ» ይባላል። ወረታ የሚያውቀው ደስታው ብሎ ነው፤ ሬሳ ሆኖ የሚተውነው ደስታው። ሦስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ሞቷል። ደክሞታል። አንዳንዴ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ጀርባው ሥር የፊልም ጥቅል አለ። ከአርባ ዓመት በፊት ቁሐር ሚካኤል ላይ ሩዝ ሲዘራ የተቀረጸ ነው፤ ቅጂ የለውም። የትኬት ሻጯ የእትዬ ካሰች ሟች ባል እዚያ ውስጥ ጭቃውን እየረገጠ ይስቃል። ሌላ ምስል አልተረፋቸውም። ጥቅሉ ከሲኒማው ተሰርቆ፣ እንግዳው የሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ወደ ውጭ አገር ሊሸኘው ነበር። ሽመላ ዛሬ ጠዋት ከነጋዴው ሻንጣ አወጣው። መጋረጃ ሲዘጋ ንብረት ለሚባለው ፊልም አጫዋች ያስረክባል። ንብረት የራሱ ሰው ነው።

ነበር።

«ጥቅሉ እሱ ጋ ነው» አለ ንብረት ከመጋረጃው ጀርባ። «ከሣጥኑ ሲወጣ እነቁት።»

«ካልወጣስ?» አለ ከእንግዳው ጎረምሶች አንዱ።

«ሬሳ ሆኖ ያድራል እንዴ?»

ሽመላ ሰማ። አንድ መንገድ ብቻ ቀረው።

አለመነሣት።

ቴአትሩ አለቀ። ተዋንያኑ እጅ ነሡ። እሱ አልተነሣም። ጭብጨባው ሳስቶ ሳስቶ ቆመ። እትዬ ካሰች መድረኩ ላይ ወጥተው ግንባሩን ዳሰሱ።

«ደስታው? ኧረ ልጄ?»

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አዳራሹ በልቅሶ ተናወጠ።

«ሲያሾፍ ነው፤ ቆዩ» አለ ንብረት። ከኮሌታው መርፌ ቁልፍ ነቅሎ ውስጥ እግሩን ወጋው።

ሽመላ አልተነቃነቀም።

ደገመው።

አልተነቃነቀም።

«ሙት ትወጋለህ? እጅህ ይቆረጥ» ብለው እትዬ ካሰች በጥፊ አጮሉት።

ከታዳሚው መሐል ሽማግሌው አያልነህ ተነሡ። «አገሩ የት ነው?»

«ወገራ ነኝ ይለኝ ነበር» አሉ እትዬ ካሰች።

«እንግዲያ አገሩ ይግባ። እናንተ ጎረምሶች፣ ምን ይገትራችኋል? ተሸከሙ እንጂ።»

ሊያንቁት የመጡት ተሸከሙት። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ማን እምቢ ይላል? ባጃጁ ሁሉ ቆመ። ሣጥኑን ጎንደር የሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫኑት። ለቀስተኛው ሚኒባስ እስኪያገኝ መኪናው ቀደመ። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ወረደ።

ሽመላም ጥቅሉን ይዞ ወረደ። ሣጥኑን ድንጋይ ሞልቶ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

ወገራ ላይ ዘመድ ነኝ የሚል ጠፋ። እትዬ ካሰች እንደ እናት ቆመው፣ ደረት እየመቱ ድንጋዩን አስቀበሩ።

ንብረትና እንግዳው ታሰሩ። ጥቅሉ ወደ ሲኒማው ተመለሰ።

«ደስታው ሞቷል» አለው አለቃው በስልክ። «ወረታ የሚባል አገር አታውቅም።»

«አላውቅም» አለ ሽመላ።

ከዓመት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው ትንሽ እያነከሰ ትኬት መስኮቱ ጋ ቆመ።

«ስንት ሰው ናችሁ?»

«ብቻዬን።»

እትዬ ካሰች ቀና ብለው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ግባ ልጄ» አሉት።

መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሸራው ላይ ባላቸው ጭቃው ውስጥ ሲስቅ አየ። መብራት ሳይበራ ወጥቶ ሄደ።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨመርኩ።

እትዬ ካሰች ቀና ብለው አላዩትም።