የፍሬን እግር

ጋሽ ተከስተ ከቤታቸው ጣራ ላይ የወደቁት ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። «በሚያፈስ ቤት እንቁጣጣሽን አልቀበልም» ብለው፣ ልጃቸው ሲምረት «አባዬ፣ በናትህ ውረድ!» እያለቻቸው፣ መዶሻ ይዘው ወጡ። መሰላሉ ተንሸራተተና ከነመዶሻቸው ግቢው መሀል ዱብ አሉ።

«ፍሬኑ አልያዘም» አሉ መሬት ላይ እንደተዘረጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ቀልዱ ግን አልተሰበረም።

የተሰበረው እግራቸው ነው። ያውም ቀኙ! ጋሽ ተከስተ አርባ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ነድተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ መኪና መንዳት ያስተምራሉ፤ ቀኝ እግራቸውንም «የፍሬን እግሬ» ይሏታል። ተማሪ ሲደናበር እሳቸው ከጎን ሆነው የሚረግጡት ፍሬን ስንቱን እግረኛ አትርፏል። አሁን ያቺው እግር ከጉልበቷ በታች ጎብጣለች። ሲምረት አይታ ልቧ ቀጥ አለ። አባቷ ያለ መሪ ሦስት ቀን እንኳ መዋል የማይችሉ ሰው ናቸው።

ሲምረት መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ባለፈው ወር ሆቴሉ ለሁለት ቀን የመጀመሪያ ዕርዳታ አሠልጥኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሰው ሰላም አጥቷል፤ የጎረቤቱ ክንድ፣ የጠረጴዛው እግር፣ የአባቷ ጭንቅላት ሳይቀር በፋሻ ተጠቅልሏል። ቀይ ቦርሳዋን አንግታ ብቅ ስትል ሰው በሩን ይዘጋባት ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም ዞሮ እሷን አየ።

«አባዬ እንዳትነሳ! አንገትህን ያምሃል? ወገብህን?»

«ሞተሩ ደህና ነው። ጎማው ብቻ ነው የፈነዳው።»

«ጣቶችህን አንቀሳቅስልኝ።»

አንቀሳቀሱ። ሞቅ ያሉ ናቸው። ሲምረት ተነፈሰች።

ጎረቤታቸው ጃዋር፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ለአምቡላንስ ደውሎ እየሮጠ መጣ። «ባምቢስ አስፋልቱ ላይ ደርሰዋል! ግን በቃ፣ መግቢያ የለም። የቦዩን መሻገሪያ ጎርፍ ወስዶታል። እግሩን ካሰራችሁ ቀስ ብላችሁ ቦዩ ድረስ አምጧቸው ነው የሚሉት።»

በደህናው ጊዜ ባምቢስ ማለት አሥር ደቂቃ ነው። ግማሹ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ግን በመሀል ያለው ሜዳ ክረምቱን ጠጥቶ ዱር ሆኗል። ወገብ የሚደርስ ሣር አለ፣ ሳማ አለ፣ ውኃ የሞላ የመሠረት ጉድጓድ አለ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ለቱቦ የተቆፈረው ቦይ። በካዛንቺስ መሀል እንዲህ ያለ በረሃ ይገኛል ብሎ ማን ያምናል!

ሲምረት ገና የጣራውን ጣውላ ስታነሳ እትዬ ጀማነሽ የቅቤ ጣሳ ይዘው ደረሱ። እትዬ ጀማነሽ የሰፈሩ ወጌሻ ናቸው፤ የካዛንቺስ ወለምታ ሁሉ በእጃቸው አልፏል።

«ዞር በይ ልጄ። አንዴ ሳብ፣ ሁለቴ እሽት፣ አለቀ!»

«እትዬ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም፣ ስብራት ነው። አጥንቱ ከተንቀሳቀሰ ደም ሥሩን ይጎዳዋል። አይታሽም!»

«አንቺ ሳትወለጂ የአባትሽን ትከሻ የመለስኩ እኔ ነኝ!»

«እውነቷን ነው» አሉ ጋሽ ተከስተ ከመሬት።

«አባዬ፣ አንተ ዝም በል!»

እግሩን እንደጎበጠ፣ ሳታቃናው፣ በሁለት ጣውላ መሀል በታጠፈ ጋቢ ደገፈችው። ነጠላ ቀድዳ ከጉልበቱ በላይና ከቁርጭምጭሚቱ በታች አሰረች፤ ስብራቱን አልነካችም። ከዚያ ያ ጋሽ ተከስተን የጣለው መሰላል ስፖንጅ ፍራሽ ተነጠፈበትና ቃሬዛ ሆነ። የሰፈሩ የበዓል ቅርጫ ሰብሳቢ በድሉ በዚህ መሀል አንድ መለኪያ አረቄ ይዞ መጣ።

«ለድንጋጤ ነው፣ ትንሽ ይቅመሱላት።»

«በፍጹም! ቀዶ ጥገና ያስፈልገው ይሆናል፤ ውኃም ቢሆን አይቀምስም።»

በድሉ እንዳይባክን ራሱ ጨለጠው።

ጃዋርና በድሉ ከፊት፣ ሲምረት ብቻዋን ከኋላ፣ መሰላሉን አነሱ። አራተኛ ሰው አልተገኘም፤ ሰፈርተኛው ሥራ ላይ ነው። እትዬ ጀማነሽ ጃንጥላቸውን በብብታቸው፣ ቅቤያቸውን በእጃቸው ይዘው ተከተሉ። «ሲብስበት ትጠሩኛላችሁ፣ የት አባታችሁ!» ይላሉ።

የግቢውን በር እንደወጡ ሰማዩ ተቀደደ። መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ ሽንብራ የሚያክል በረዶ። ሩፋኤል ነውና ከወዲያኛው ግቢ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው በዝናቡ ይጨፍራሉ።

«ጠበል ነው ጋሼ፣ ይጠመቁ!» ጮኹ።

«ተጠምቄያለሁ፣ አሁን ዝጉት!» አሉ ጋሽ ተከስተ። ሲምረት እንዳይበርዳቸው ላስቲክ አለበሰቻቸው፤ እሷ ራሷ ግን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ረጠበች።

ሣሩን እየጣሱ ገቡ። ሳማው ጃዋርን በሱሪው ላይ ለበለበው። በድሉ ያልታየ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፣ መሰላሉ ዘመመ፣ ሲምረት ጥርሷን ነክሳ በደረቷ ደገፈችው። አልለቀቀችም። ጭቃው የአንድ እግር ጫማዋን ወሰደ። ወደ ኋላ አላየችም።

የፈረሰውን ግንብ ሲዞሩ ግን ሁሉም ባሉበት ቆሙ። በጠባቧ መተላለፊያ መሀል የተበጠሰ ገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀይ በሬ ቆሟል።

«የኛ ነው!» አለ በድሉ ድምፁ ሰልሎ። «የቅርጫው! ዛሬ ጠዋት ነው አስሬው የወጣሁት። ሻጩ የዋህ ነው ብሎኝ ነበር እኮ!»

«አሁን አንተ ንገረው» አለ ጃዋር።

በሬው አንገቱን ደፋ፣ አፈር በኮቴው ጫረ። ወደ ኋላ እንዳይሉ ጉድጓዱ አለ፤ መሰላሉን ጥለው እንዳይሮጡ ጋሽ ተከስተ አሉ። በሬው መጣ! ሲምረት አባቷ ላይ ጎንበስ አለች፣ ቀይ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወልቆ ሣሩ ውስጥ ገባ። በዚህ ጊዜ እትዬ ጀማነሽ ከኋላ ወጡና ያንን ጥቁር ጃንጥላ አፍንጫው ሥር ቧ አድርገው ከፈቱት።

«ኺድ አንተ!»

በሬው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ዘሎ ዞረ፣ ከእጃቸው ያመለጠውን የቅቤ ጣሳ ጨፍልቆ ወደ ሣሩ ነጎደ።

«ለእንቁጣጣሽ እንገናኛለን!» አሉት ጋሽ ተከስተ።

ሁሉም ሳቁ። ለጊዜው የመጨረሻው ቀልዳቸውም እሱ ነበር።

ቦዩ ጋ ሲደርሱ ጎርፉ እየጋለበ ነው። ከማዶ የአምቡላንሱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የአምቡላንሱ ሰዎች ሁለት ወፍራም የግንባታ ጣውላ ከወዲያ ወዲህ ዘርግተው በእጃቸው ይጠሯቸዋል። ጃዋር ደስ ብሎት «ጋሼ፣ ደረስን!» አለ። ጋሽ ተከስተ አልመለሱም። ያ ዝምታ ሲምረትን ከበሬው ይልቅ አስፈራት።

«አባዬ?»

«ጣቶቼ… የሉም ልበል?» አሉ በቀስታ።

እትዬ ጀማነሽ ከሁሉም ቀድመው እግሩን ዳሰሱ። «በረዶ ሆኗል! ጠቁሯል! ልጄ፣ ማሰሪያሽ አንቆታል!»

ሲምረት ክው አለች። አሠልጣኙ «በየጥቂት ደቂቃው ጣቱን ንኩ፤ ሙቀቱን፣ ቀለሙን እዩ» ብሎ ነበር። በበረዶው፣ በበሬው፣ አንዴም አልነካችም። እግሩ አብጧል፣ የረጠበው ነጠላም ቋጠሮውን አጥብቆታል። መቀስ ያለው ቀይ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ቀይ ቦርሳው ደግሞ በሬው ዘንድ። በጥፍሯ ታገለች፤ ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» አለች እንባዋ ከዝናቡ ጋር እየወረደ።

«ለቅሶው ይደርሳል። አንቺ እግሩን እንዳይነቃነቅ ያዢ፤ እኔ ቋጠሮውን።»

«እትዬ፣ እንዳያሹት ብቻ…»

«ቅቤውን በሬው ረግጦታል፣ በምን አሻለሁ!»

ሲምረት እግሩን በሁለት እጇ አጽንታ ያዘች። እነዚያ ዕድሜ ልካቸውን አጥንት ሲዳስሱ የኖሩ ጣቶች፣ በመጨረሻም ጥርስ ተጨምሮበት፣ የታችኛውን ቋጠሮ ፈቱት፤ እግሩም ንቅንቅ ሳይል። ዳግመኛም ላላ አድርገው፣ አንዲት ጣት ሥሩ እንድትገባ አሰሩት። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ጃዋር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ነው። በድሉ ሩፋኤልን ይጠራል።

አውራ ጣቱ መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ቀላ።

«ጣቶችህስ?» አሉ እትዬ ጀማነሽ።

«ሊሞቁ ነው መሰለኝ» አሉ ጋሽ ተከስተ ዓይናቸውን ገልጠው። «ምነው ጀማነሽ፣ ነከስሽኝ እንዴ?»

ሲምረት እየሳቀች አለቀሰች።

እትዬ ጀማነሽ ጃንጥላቸውን ሣሩ ላይ ጥለው አራተኛውን የመሰላል ጫፍ ያዙ። «በሉ አንሱ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።» አራቱም ጣውላው ላይ ወጡ። ጎርፉ ከሥራቸው ይገላበጣል፣ ጣውላው ይጎብጣል፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ የጃዋር «ቀስ! ቀስ!»። ከማዶ እጆች ተቀበሏቸው።

የአምቡላንሱ ነርስ ማሰሪያውን መረመረች፣ ጣቶቹን ነካች። «ሙቅ ናቸው። ማነው ያሰረው?»

ሲምረት «እኔ ነኝ። አጥብቄው እግሩ ሊጠፋ ነበር። ያተረፉት እሳቸው ናቸው» አለች።

እትዬ ጀማነሽ አቀረቀሩ። «እሷ ባትከለክለኝ እኔ አሽቼ እገድለው ነበር» አሉ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ተከስተ ተጋድመው ሁለቱን አዩ። «በሉ ተሳፈሩ፤ ተሳቢ ያለ ረዳት አይሄድም።»

ሆቴሉ በኅዳር ሁለተኛውን ሥልጠና ሲያዘጋጅ ከፊት ወንበር የተቀመጡት እትዬ ጀማነሽ ነበሩ። አሠልጣኙን ሦስት ጊዜ አረሙት። አሁንም ወለምታ ያሻሉ፤ ስብራት የመጣ እንደሆነ ግን በጣውላ ደግፈው፣ ጣት ነክተው፣ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ሲምረትም ብትሆን ፋሻ ከማውጣቷ በፊት እሳቸውን ትጠራለች።

የካቲት ላይ ጋሽ ተከስተ ከስብራቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማስተማሪያ መኪናቸው መሪ ጋ ተቀመጡ። ሲምረት ከጎን፣ እትዬ ጀማነሽ ከኋላ። በቀስታ ወደ ባምቢስ ወረዱ። ቦዩ ተደፍኖ አስፋልት ሆኗል፤ ልክ እዚያው ቦታ ላይ አንዲት ውሻ ዘው ብላ ገባች።

ጋሽ ተከስተ ረገጡ። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሻዋ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ አለፈች።

ሲምረት የአባቷን ጉልበት አየች፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፣ አይንቀጠቀጥም።

«ያዘ» አሉ ጋሽ ተከስተ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እትዬ ጀማነሽ ከኋላ ብቅ ብለው ትከሻቸውን ያዙ።

«ጣቶችህስ?»

«ሞቀዋል ጀማነሽ። ሞቀዋል።»