ኤይሊቭ ብራትላንድ የት ገባ?

መምህር ኢንግቫልድ ሩስታ የተገኘው ከደወሉ ቤት መሰላል ሥር፣ በድንጋይ ወለሉ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነው። ግዙፍ ሰው ነበር፤ ሲቀመጥ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ እሱ ዘመም ይላል እየተባለ ይቀለድበታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የሙታንን ዘር መቁጠር ብቻ ሆነ። የጥምቀቱን፣ የጋብቻውን፣ የቀብሩን መዝገብ እያገላበጠ ሰባተኛ አያትህን ከጉድጓዱ ጎትቶ ያወጣና፣ ልክ በሰርግህ ቀን «በግ ሌባ ነበር» ብሎ ያበስርሃል።

«ወድቆ ነው» አለ ደወል ደዋዩ ቶርገር፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ። «ጠዋት ምድጃ ላነድ ስገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ደወሉን ሊያይ ወጥቶ ይሆናላ።»

ሹም አስላክ ኔሴ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። አስላክ የሸለቆው ፖሊስም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ ባልና ሚስት አስታራቂም ነበር። በዚያ አገር ሰው የሚጠራው በሚኖርበት እርሻ ስም ነው፤ እርሻ ሲቀይር ስሙንም ይቀይራል። አስላክ ሲወለድ አስላክ ሃውገ ነበር። ኔሴ ከተባለው እርሻ አግብቶ በገባ ማግስት አስላክ ኔሴ ሆነ። አማቱ እስከ ዛሬ «አንድ ሱሪ ይዞ መጣ፤ ስሙን እንኳ ደጅ ጥሎ ነው የገባ» ትላለች።

የሟቹ የንባብ መነጽር ካንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያ መነጽር ሩስታ መጽሐፍ እንጂ የገዛ ጫማውን አያይም። ደግሞስ መሰላል? ይህ ሰው የትምህርት ቤቱን ሰዓት ሊሞላ አንዴ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ከፍታው አስፈርቶት እስኪያወርዱት ድረስ የዚያን ቀን ትምህርት ቀርቷል።

አስላክ ሩስታ ይሠራበት ወደነበረው ዕቃ ቤት ገባ። መዝገቦቹ በሣጥኑ ውስጥ ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ የአንዲት ሴት የምግብ ባልዲ ብቻ ቀርታለች፤ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለም። ሩስታ ባለበት ወረቀት እንደ በረዶ ነበር የሚዘንበው። ከጥግ ያለችው የብረት ምድጃ መቶ ዓመት ጥላሸት ጠጥታለች፤ አንዱ ማዕዘኗ ግን እንደ በዓል ሳህን ያበራል።

አስላክ ማዕዘኑን በጣቱ ነካና ጣቱን አሸተተ።

ቤቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮህ ነበር። የከተማው አዛዥ ወሬው ቀድሞት ደርሶታል። «ባልዲዋ እዚያ ተገኝታለች፤ እንደምትገድለው በሰው ፊት ተናግራለች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ነገ ቀትር በሚመጣው መርከብ ጫናት!»

በመርከብ ትጫን የተባለችው ብሪንሂልድ ናት። ብሪንሂልድ የብራትላንድ እርሻ ሠራተኛ ስትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው አርጅታለች። ጌታዋ ኡላቭ ብራትላንድ ሚስትም ልጅም ኑዛዜም ሳይተው በመከር ሞተ። የሚታወቀው ዘመዱ የከተማው እንጨት ነጋዴ ሃልቫርድ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሩቅ ነው የሚዛመደው። ነገር ግን የኡላቭ አያት ኤይሊቭ የሚባል ወንድም ነበረው። ኤይሊቭ በጎረምሳነቱ ከመዝገብ ጠፋ፤ መቶ ዓመት ሙሉ ያየው የለም። የእሱ ዘር ካለ ሃልቫርድን ይቀድማል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ሩስታን «ፈልግ» አለው፤ እስኪገኝ ድረስ ብሪንሂልድ ላሞቹን እያለበች እንድትቆይ ተፈቀደላት። ማንም ይገኝ ማን፣ ሲገኝ ትባረራለች።

አስላክ ሲገባ ብሪንሂልድ ልብሷን በሻርፕ እየቋጠረች ነበር። ትንሽ ሴት ናት፤ ነፋስ ሲነሳ ኪሷ ድንጋይ ትጨምራለች ይሏታል።

«ማን ሂጂ አለሽ?»

«መላው ሸለቆ። ሱቅ ስገባ ሁሉም ጸጥ አለ፤ ዱቄት ሻጩ እንኳ አላሾፈብኝም።»

«ወራሽ ካገኘ ባሕር ውስጥ እወረውረዋለሁ ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

«ብያለሁ! ያን ዓሣ ነባሪ! በየትኛው ትከሻዬ?»

«ታዲያ እራት ለምን ወሰድሽለት?»

«ስለሚርበው ነዋ!» አለችና አፈጠጠችበት፤ እንዲህ ያለ የጅል ጥያቄ ሰምታ የማታውቅ ትመስል ነበር። «ደረቅ የበግ ሥጋና ቂጣ ይዤለት ሄድኩ። ብቻውን ይስቃል። ‹ብሪንሂልድ፣ ነገ ተቀምጠሽ የምትሰሚው ወሬ አለኝ› አለኝ። ወራሹ እንደተገኘ ገባኝ። ባልዲዬን ትቼ ሮጥኩ፤ ሲያለቅሱ መታየት አልወድም።»

«የምትጠጊበት ዘመድ የለሽም?»

«እናቴ የስኮርፐን እርሻ ልጅ ናት፤ እዚያ ከተራራው ወዲያ። ስኮርፐን ዛሬ ጣሪያ እንኳ የለው። ከሷ በላይ ማንን አውቃለሁ? ሠራተኛ አያት ይቆጥራል እንዴ?» ቋጠሮውን ፈታችና እንደገና ቋጠረችው። «አስላክ… እስር ቤት መስኮት አለው?»

አስላክ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ሃልቫርድን ያገኘው በእንግድነት ካረፈበት ከቄሱ ቤት ነው። በረዶ አንሸራትቶት ቀኝ ክንዱ በነጠላ ጨርቅ ከአንገቱ ጋር ታስሯል።

«ኤይሊቭ ብራትላንድ! ኤይሊቭ ብራትላንድ!» አለ ነጋዴው። «ሰለቸኝ እኮ ሹም! እሱ ሰውዬ ወይ አሜሪካ ገብቷል፣ ወይ ባሕር በልቶታል። በአንድ የጠፋ ጎረምሳ ምክንያት ይኸው ስንት ወር ሸለቆ ለሸለቆ ስንከራተት!»

«ካልተገኘ እርሻው የእርስዎ ነው፤ መቼም ሩስታን አይወዱትም ነበር።»

«አልወደውም። ደግሞ ማን ይወደዋል? አያቴን ከአሣማ ጠባቂ አዛምዶብኛል። ግን ትናንት እስክተኛ ድረስ እዚሁ ከቄሱ ጋር ካርታ ስጫወት ነበር። ይጠይቋቸው፤ አጭበርብረው ነው የበሉኝ።»

«ቄሱ?»

«ቄሱ!»

ቄሱ ከወዲያኛው ክፍል «ውሸት ነው፤ በችሎታ ነው!» ብለው ጮሁ።

«እርሻውን ምን ያደርጉታል?»

«እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ላም ስታየኝ ትስቃለች። ለቶርገር አከራየዋለሁ፤ ቃል ገብቼለታለሁ። ምስኪን ነው።»

አስላክ የባሕሩን ወሽመጥ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ቶርገር ሄደ። የቶርገርን ቤት አምና የተራራ ናዳ ከነላሞቹ ውጦታል። ከዚያ ወዲህ ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር በሰው ጀልባ ማስቀመጫ ውስጥ፣ መረብ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ይኖራል። ማዕበል ሲነሳ ውኃው ከመኝታቸው ሥር ይገባል። ትንሿ ልጅ ስታስል አስላክ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት።

«ምን እግር ጣለህ?» አለ ቶርገር። አብረው ያደጉ፣ አብረው የተገረፉ ናቸው። «ድንች ብላ። የተረፈ ነው አልልህም፤ አልተረፈም። ግን ብላ።»

«ትናንት ሩስታን አይተኸዋል?»

«ምድጃውን አቀጣጥዬለት ወጣሁ፤ በቃ። ምስኪን፣ ያን ኤይሊቭ ስኮርፐንን ሲያሳድድ ዓይኑም ጠፋ፣ ቀልቡም ጠፋ። ተሳስቶ ነው መሰላል ላይ የወጣው።» ድንቹን ቆርሶ ሰጠው። «ብሪንሂልድንስ ይወስዷታል?»

«ነገ።»

ቶርገር እጁ ላይ የቀረችውን ድንች መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «ምንም አላደረገች ይሆናል እኮ» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

አስላክ ልጅቷን አውርዶ፣ ድንቹን ለእሷ ሰጥቶ ሄደ። የባሕሩ መሐል ሲደርስ መቅዘፊያው እጁ ላይ ቆመ።

«ኤይሊቭ ማን?» አለ ጮክ ብሎ።

ጀልባዋ በራሷ መዞር ጀመረች። አንድ የባሕር ወፍ ሊታዘበው ጠጋ ብሎ ሄደ። አስላክ መቅዘፊያውን ያዘና እንደገና ሲቀዝፍ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም ዕቃ ቤት ሰበሰባቸው። ብሪንሂልድ ቋጠሮዋን ታቅፋለች፤ ሃልቫርድ ሰዓቱን ያያል፤ ቄሱ ሃልቫርድን ያያሉ። ቶርገር ከበሩ ሥር ቆሟል። መርከቡ ከባሕሩ ወሽመጥ ሲገባ አንዴ ጮኸ።

«ሩስታ ከመሰላል አልወደቀም» አለ አስላክ። «ወንበር የሚፈራ ሰው መሰላል አይወጣም፤ ያውም የንባብ መነጽር አድርጎ። የሞተው እዚህ ነው፤ ጭንቅላቱ ይህን ምድጃ መቶ። ማዕዘኑን በአመድ ፈትጎ ያጸዳው ሰው አለ።»

«ሴትዮዋ ነቻ!» አለ ሃልቫርድ።

«ሴትዮዋ ያን ሰውነት እስከ መሰላሉ ትጎትታለች? እኔና አንድ ጎረምሳ ትናንት ስናነሳው ወገባችን ተቀጨ። እርስዎም ባንድ ክንድ አይችሉም፤ ያም ባይሆን ቄሱ ይመሰክሩልዎታል።»

«ካርታውን ግን አላጭበረበርኩም» አሉ ቄሱ።

ማንም አልሳቀም።

«ወረቀቶቹም ጠፍተዋል» አለ አስላክ። «ወረቀት የሚሰርቅ ሰው የተጻፈው ነገር እንዳይታወቅ የፈለገ ሰው ነው። እንግዲህ ሩስታ ምን አገኘ? ሃልቫርድ፣ ያ የጠፋው ሰው ስሙ ማን ነው?»

«ኤይሊቭ ብራትላንድ ነዋ!»

«ብሪንሂልድ?»

«ኤይሊቭ ብራትላንድ።»

«ቶርገር?»

ቶርገር ከጀርባው በሩን በእጁ ዳበሰ።

«ትናንት ለእኔ ኤይሊቭ ስኮርፐን አልከኝ» አለ አስላክ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሰምቼው አልገረመኝም፤ እኔም የዚሁ ሸለቆ ሰው ነኝ። ሃልቫርድ ቢሆን ሰውየው ጨረቃ ላይ እንደገባ ቢነገረው እንኳ ኤይሊቭ ብራትላንድ ከማለት ንቅንቅ አይልም። እኛ ግን አንድ ሰው የት እንደሚኖር ባወቅን ቅጽበት ምላሳችን ራሱ ስሙን ይቀይርለታል። ስኮርፐን መግባቱን ግን ማን ያውቅ ነበር? ማንም። ስኮርፐን ያኔ የሌላ አጥቢያ ነበር፤ የዚያ አጥቢያ መዝገብ ለሩስታ በፖስታ የደረሰው በሞተበት ቀን ነው። መጠቅለያው አሁንም ከሣጥኑ ሥር አለ። አንተ ወረቀቱን ወሰድክ፤ መዝገቡን ግን መልሰህ ሣጥን ውስጥ ከተትከው። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ማቃጠል አልቻልክም። እኔም አልችልም ነበር።»

መርከቡ ሁለተኛ ጮኸ።

«መዝገቡን ሌሊቱን አነበብኩት። ኤይሊቭ ስኮርፐን አንዲት ባል የሞተባትን ሴት አገልግሎ፣ ኋላም አግብቷት እዚያው ሞተ። የተወው አንድ ድስት፣ አንዲት ላምና አንዲት ሴት ልጅ ነው። ውርሱ ሲከፋፈል ለልጅቷ ሞግዚት የተደረገው የአባቷ ወንድም፣ የብራትላንዱ ባለ እርሻ ነው። እንግዲህ ኤይሊቭ ስኮርፐን ያ የጠፋው ኤይሊቭ ብራትላንድ ራሱ ነው ማለት ነው። ልጅቷ አድጋ ሴት ልጅ ወለደች። ያቺም ልጅ የብሪንሂልድ እናት ናት።»

ብሪንሂልድ ቋጠሮዋ ከእጇ ወደቀ።

«ይሄ አይሆንም!» አለ ሃልቫርድ። «ሠራተኛዋ?»

«ለመንኩት አስላክ» አለ ቶርገር። በሩን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ። «እንጨት ልጨምር ስገባ ጨፍሮ ተቀበለኝ፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን ጨፈረ። ‹ኤይሊቭ ስኮርፐን ነው የገባው፤ ወራሿ ብሪንሂልድ ናት!› አለኝ። እንደ እብድ ለመንኩት። ፍርድ ቤቱ እስኪጨርስ ዝም በል፣ ልጆቼ ውኃ ላይ ነው የሚተኙት አልኩት። ‹በሙታን ላይ አልዋሽም› አለኝ። ገፋሁት። ያን ያህል በቀላሉ የሚወድቅ አልመሰለኝም።»

«ከዚያ እኔን ልትሰጣቸው ነበር» አለች ብሪንሂልድ።

«በየደቂቃው ልናገር ነበር። ትንሿ ስታስል ደግሞ እተወዋለሁ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«ለአንቺ? ምን ብዬ? እርሻው ያንቺ ከሆነ እኔ ልጆቼን የት ልወስድ?»

«ብራትላንድ ስድስት ክፍል አለው፣ ቶርገር» አለች። «አምስቱ ባዶ ነው። እኔ የምተኛው ወጥ ቤት ነው።»

ቶርገር ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጫነ። ከዚያ የወጣው ድምፅ ልቅሶ አይባልም፤ ቄሱ እንኳ ዞር አሉ።

ብሪንሂልድ ልብሷን ከወለል አንስታ ሻርፗን ፈታችና ራሷ ላይ አሰረች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳታየው አለፈችው።

«ልጆቹን እኔ አመጣቸዋለሁ» አለች። «እሱን ግን ዓይኔ እንዳያየው።»

አስላክ ጓደኛውን በክንዱ ደግፎ ወደ ወደቡ ወረደ፤ መንገዱ በረዶ ስለነበር ቀስ እያሉ ሄዱ። ከመርከቡ ጠርዝ ላይ አንድ ባሕረኛ ገመድ እየጎተተ ተመለከታቸው።

«ሴት ናት የተባልነው» አለ።

«ተሳስተው ነው» አለ አስላክ። የገዛ ኮቱን አውልቆ ቶርገር ትከሻ ላይ ደረበለትና፣ መርከቡ ሲርቅ በሸሚዙ እንደቆመ ቀረ።