ግትሩ ቁልፍ

አሥር የቡሎን ቁልፎች ተስማምተው ቢዋሹ፣ አንድ ሰው መዋሸታቸውን በምን ያውቃል? ውዳላት ይህን ጥያቄ ለራሷ ካቀረበች ሰነበተች። ያን ጠዋትም ከሰገነት ከተማ ሆድ ሥር በገመድ ተንጠልጥላ፣ ከእግሯ በታች የቬነስ ቢጫ ደመና እንደ ገንፎ እየተንተከተከ፣ ይኸንኑ ታመላልስ ነበር።

ሰገነት ወደ ደመናው እየሰመጠች ነው። ልጆች ጆሯችን ተደፈነ ማለት ጀምረዋል፤ የታችኞቹን ቤቶች መስኮት የአሲድ ጉም ያጠቁረዋል። ከተማዋን የሚያንሳፍፋት ሰዎቿ የሚተነፍሱት ያው አየር ነው፤ የቬነስ አየር ከባድ ስለሆነ የሰው እስትንፋስ እላዩ ላይ ይዋኛል። አየሩ የሚጠራቀምበትን ግዙፍ ከረጢት "ሳንባ" ይሉታል። ሳንባው ታዲያ ከከተማዋ ጋር በቡሎን በታሰረበት አንገቱ ላይ አየር ያስተነፍሳል።

"ቡሎኖቹ በሙሉ ጠብቀዋል" አለች በሬዲዮ። "አየሩ ግን የያዝኩትን ጨርቅ ያርገበግበዋል።"

"ከጠበቀ ጠብቋል ነዋ!" አላት የሥራ ባልደረባዋ ደጀኔ ከላይ ሆኖ። "ምድር ድረስ ሄደሽ የተማርሽው መጠራጠር ብቻ ነው እንዴ?"

ውዳላት ጨርቁን ኪሷ ከተተችው። እዚሁ ተወልዳ፣ ምድር ተምራ የተመለሰች ናት። እዚያ ሳለች የሰገነትን ነገር ሁሉ ታምን ነበር፤ ከመጣች ወዲህ ግን የዚያንም የዚህንም ማመን አቅቷታል።

ወርክሾፕ ስትገባ አለቃቸው ጋሽ ጥጋቡ መስኮቱ ላይ ቆመው የእርሻውን ክንፍ ያያሉ። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ የከተማዋ ጓዳ በሙሉ እዚያ ነው። ሸክም ለማቅለል ዛሬ ከሰዓት ቆርጠው ሊጥሉት ነው።

"ጋሽ ጥጋቡ፣ ቁልፎቹ ተሳስተው ቢሆንስ?"

"አሥሩም? የኔ ልጅ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። እኛ እኮ አሥር አለን።"

ቶርክ ሬንች ቡሎኑ በተፈለገው ልክ ሲጠብቅ "ቀጭ" ብሎ የሚያስታውቅ ቁልፍ ነው። የሰገነት ቁልፎች ደግሞ ማደሪያቸው ላይ ሲሰቀሉ ልካቸውን እርስ በርስ ያመሳስላሉ፤ ሥርዓቱን "ሸንጎ" ይሉታል። ከብዙኃኑ የተለየውን ሸንጎው ያባርረዋል።

"አንድ የተባረረ ነበር አይደል?" አለች።

ደጀኔ ሳቀ። "ግትሩ? መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ሌሎቹ ቀጭ ሲሉ እሱ ገና ነኝ ይላል። ልክ እንደ ባለቤቱ!"

ባለቤቱ እትዬ ዘነቡ ነበሩ፤ የሳንባው የቀድሞ መሐንዲስ። ሸንጎው ተሳስቷል እያሉ ስብሰባ ቢያውኩ፣ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ከወጀቡ ማዶ ወዳለችው ሌላ ተንሳፋፊ ከተማ ሸኛቸው።

ቁልፉን ከመሳቢያው አወጣችው። ዘይት በነካው ጨርቅ ተጠቅልሏል። እጀታው እስከ ታችኛው ምልክት ድረስ ተመልሷል፤ በውስጡ ያለው ሞላ፣ ልኩን የሚሰጠው ጥምዝ ሽቦ፣ እንዲያርፍ። ቀና ብላ አሥሩን አየቻቸው። ሸንጎው ለነገ ሥራ ዝግጁ ይሁኑ ብሎ ሁሉንም እንደተወጠሩ ያሳድራቸዋል።

"ታዲያ በግትሩ ልታጠብቂ ነው?" አሉ ጋሽ ጥጋቡ። "ልኩ ካለፈ ቡሎኑ ይበጠሳል። አንገቱ ከተሰነጠቀ መለዋወጫ የለንም። ያኔ የሚወርደው እርሻው ብቻ አይደለም።"

"አይ፣ እሱንም አላምነውም። ብቻውን መቅረቱ እውነተኛ አያደርገውም። ውሃ ስጡኝ።"

"ጠማሽ?"

"ውሃ ሸንጎ አይቀመጥም፣ ጋሼ።"

ከአሥሩ አንዱን አነሳችና የቁልፉን ራስ በሞርሳ፣ ጠረጴዛው ላይ በታሰረው የብረት መንከሻ፣ አስነከሰችው፤ እጀታው አግድም ተዘረጋ። መሐሉ ላይ ጀሪካን አንጠለጠለች። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት ይታወቃል፤ የእጀታው ርዝመትም ይታወቃል። ቁልፉ በየትኛው ሊትር ላይ ቀጭ ማለት እንዳለበት ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አሰላች፤ ጀሪካኑም ላይ መስመር አሰመረች። ከዚያ ደጀኔ ቀስ እያለ ይቀዳ ጀመር።

ውሃው ከመስመሩ ገና ብዙ ሲቀረው ቁልፉ ቀጭ አለ።

ሁለተኛውም እዚያው ላይ። ሦስተኛውም። አሥሩም።

"ምን ዓይነት ፍቅር ነው እቴ!" አለ ደጀኔ፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረውም። ሞላዎቹ ተወጥረው እያደሩ አብረው ደክመዋል፤ እርስ በርስ ስለተለካኩ ድካማቸውን ያየ አልነበረም።

በመጨረሻ ግትሩ ታሰረ። ውሃው ሌሎቹ የተናገሩበትን ከፍታ አለፈ። ቁልፉ ዝም። ደጀኔ ጠብ አደረገ፣ ጠብ አደረገ። ውሃው መስመሩን ሲነካ፣ ቀጭ!

ጋሽ ጥጋቡ ጀሪካኑን ከግትሩ ላይ አወረዱ። "ገመዱን አዘጋጁ" አሉ።

ውዳላት ግትሩን አንግታ ወረደች። አንዱን ቡሎን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል እያቀያየረች ዞረች። መጀመሪያ በግማሽ ኃይል፣ ኋላ በሙሉው። እጇን የእጀታው መሐል ላይ አድርጋ በዝግታ ሳበች፤ ቀጭ ሲል አቆመች። አንዲት ጭማሪ አላደረገችም። የመጨረሻው ቀጭ ሲል ጨርቁን አንገቱ ጋ ያዘችው።

አልተንቀሳቀሰም።

አየር መሙያው ሳንባውን መልሶ ሲሞላው መጀመሪያ የተሰማት ጆሮዋ ነው፤ ጧ ብሎ ተከፈተ። ከላይ በሬዲዮው የልጆች ጫጫታ፣ ከዚያ እልልታ መጣ። ቢጫው ጉም ከእግሯ ሥር እየራቀ ሄደ፤ ሰገነት እርሻዋን እንደታቀፈች ወደ ፀሐይ ወጣች። "ወጣን! ኧረ ወጣን!" ይላል ደጀኔ እንደ ሕፃን።

ስትመለስ ጋሽ ጥጋቡ ቁልፉን ከእጇ ተቀበሉ። ጠረጉት፤ እጀታውን እስከ ታችኛው ምልክት መለሱት።

"ሸንጎውን የሠራው ማነው?" አለቻቸው።

"እኛው ነና። የከተማውን ስብሰባ አይተን ነው የቀዳነው። ለቁልፎቹ የተለየውን ማስወጣት ያስተማርናቸው እኛ ነን።" ቁልፉን በጨርቁ ጠቀለሉት። "ዘነቡ ትሂድ ሲባል እጄን አውጥቻለሁ። ሁላችንም አውጥተናል።"

ማሰራጫው ጋ ተቀምጠው እያሰቡ ተናገሩ፤ ውዳላት ላከችው።

"ዘነቡ፣ ጥጋቡ ነኝ። ቁልፍሽ ልክ ነበር፤ አንቺም ልክ ነበርሽ። ሰገነት ወጥታለች። የናንተም ቁልፎች ተወጥረው የሚያድሩ ከሆነ አሳርፏቸው። አንቺ ግን እንደዚያው ግትር ሁኚ። ቦታሽ ባዶ ነው።"

መልእክቱ ወጀቡን ተሻግሮ ሄደ። መልስ ያን ቀን አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም፤ እትዬ ዘነቡ ሰምተውት ይሁን ሳይሰሙት ያወቀ የለም።