የአባዬ መኪና እንጉርጉሮ

«እንደሱ አይደለም፤ መዳፍሽ ላይ ጫን እያደረግሽ ግፊው» አለ መካኒኩ አጎቷ።

ልጅቷ በግራ መዳፏ አንድ ጭብጥ ግራሶ፣ ወፍራም የመኪና ቅባት፣ ይዛ፣ በቀኝ እጇ አዲሱን ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚሽከረከርበትን የብረት ቀለበት፣ እላዩ ላይ እየተጫነች ነበር። ሥራው ግራሶው በታች ገብቶ በላይ፣ በትንንሾቹ ብረቶች መካከል፣ ብቅ እስኪል መጫን ነው። እስከ ክርኗ ተለውሳለች። አዲሱ ቲሸርቷም አልተረፈም፤ እናቷ ስታየው ምን እንደምትል ከወዲሁ ታውቀዋለች።

የአባቷ አሮጌ ፎር ዊል የፊት ቀኝ እግሩ ወልቆ፣ ግቢው መሃል ጉማጅ እንጨት ላይ ተቀምጧል። አባቷ ካረፈ ወዲህ የምትነዳው እናቷ ናት። ነርስ ናት፤ ሩቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛውራ ነገ በጠዋት ትንሹን ልጇን ይዛ ትሄዳለች። መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ ኩሽኔታ እዚያ ላይ ቢሰበር ጎማው ይነቀላል። ልጅቷ ግን ፈተናዋን እስክትጨርስ ከአጎቷ ጋር ትቀራለች።

ይህ መኪና ከፊት ጎማው በኩል የሚወጣ እንጉርጉሮ አለው። ድሮ፣ ገና የቤት ሥራዋን ወለል ላይ ተኝታ በምትሠራበት ጊዜ፣ ያ ድምፅ ከመታጠፊያው ሲነሳ ከሁሉም ቀድማ ትሰማው ነበር። «አባዬ መጣ» ትላለች። ማንም አያምናትም፤ እናቷ ብቻ ድስቱን እሳት ላይ ትጥዳለች። ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ይንኳኳል። አባቷ «ጆሮ ጠቢዬ» ያላት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ኩሽኔታውን በሚመጣው እሁድ እቀይረዋለሁ እያለ ስንት እሁድ አሳለፈ። እውነቱን ለመናገር እሱም ድምፁን ሳይወደው አልቀረም።

ሲነዳም ዓይኗን ያስጨፍናታል። «አሁን ወዴት ታጠፍን?» ይላታል። እንጉርጉሮው ሲጮኽና ሲጠፋ እያዳመጠች ትመልሳለች፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

አጎቷ ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ አጥብቆ ጎማውን አሽከረከረ፤ ከዚያ ዳዶውን ጥቂት መለስ አደረገው። ግራውን ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ ንቅንቅ አላለም። ይሄኛው ደህና ነው፣ የእሱን ኩሽኔታ ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን ብሎ የሁለተኛውን አዲስ ኩሽኔታ ካርቶን ወደ ጎን አደረገው። እየመሸ ነበር፤ ወገቡንም አሞታል።

መኪናውን ለመሞከር ሠፈሩን ዞሩ። እንጉርጉሮው እንዳለ ነው። የልጅቷ ልብ ሞቅ አለ።

አጎቷ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘነበለና የጎማው ድምፅ ነው አለ፤ የኮረኮንች ጎማ አስፋልት ላይ መዝፈኑ የታወቀ ነው። እሷ ዝም አለች። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ድምፁ ጮኸ፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ ጠፋ። አሁንም ዝም አለች። የአባቷ ልብሶች ለዘመድ ተከፋፍለዋል። ስልክ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ አንድ ቀን ደውላ፣ የማታውቀው ሰው ሃሎ ሲላት ዘጋችው። የቀረው ይህ ድምፅ ብቻ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ማን ይወቅሳታል? ባለሙያው ራሱ ጎማ ነው ብሏል።

ሲመለሱ እናቷ ሻንጣ ትጭናለች። ትንሹ ወንድሟ ሮጦ መሪው ላይ ተንጠለጠለና መንዳት ጀመረ። «እምምም» ይላል፤ ልክ እንደ መኪናው። አባቱን በደንብ አያስታውሰውም፤ መኪና ሁሉ እንደዚህ የሚያንጎራጉር ይመስለዋል።

«ድምፁ ጠፋ?» ብላ ጠየቀች እናቷ።

«የጎማ ነው፣ አታስቢ» አለ አጎቷ እጁን እየጠረገ።

እናቷ እሺ አለችና የልጁን ብርድ ልብስ የፊት ወንበሩ ላይ፣ እሱ በሚተኛበት በኩል፣ አነጠፈች።

«የጎማ አይደለም፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የግራው ኩሽኔታ ነው።»

«ነቅንቄው አልነበር እንዴ?»

«ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ይጮኻል፤ ክብደቱ ግራው ላይ ስለሚያርፍ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፍ ዝም ይላል።»

«ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አባዬ።»

የእናቷ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ። አጎቷ ክሪኩን አንስቶ ወደ ግራ በኩል ዞረ።

አሮጌው ኩሽኔታ ሲወጣ ልሙጥ መሆን የነበረበት ብረት እንደ ፈንጣጣ ፊት ተቦዳድሶ ተገኘ። አጎቷ ብርሃን ላይ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ እህቱን አየና ዓይኑን ሰበረ። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ከጣሳው አንድ ጭብጥ ግራሶ ዝቃ አዲሱን መጫን ጀመረች። እንባዋን የምትጠርግበት ንጹሕ እጅ ስላልነበራት እንዲሁ ፈሰሰ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ከግቢ ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም።

እናቷ ልጅቷን ለማየት የምትመለሰው ዓርብ ከሰዓት ነበር። ዓርብ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ታጠና ጀመር። ጆሮዋ ግን አላስጠናትም፤ ወደ መታጠፊያው በኩል እየሄደ ያዳምጣል። ከዚያ መኪናው አሁን ድምፅ እንደሌለው ትዝ አላት። ብድግ ብላ ደብተሯንና በርጩማዋን ይዛ ወጣች፣ የግቢውን በር ከፈተች፣ መታጠፊያው ከሚታይበት ቦታም ተቀመጠች።