ለዕርቅ የመጡ ሽማግሌዎች

አስማረ እናኑን ያወቃት ሰሊጥ ማበጠሪያው ውስጥ ነው። እሱ ማሽኑን ያንቀሳቅሳል፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሰሊጥ ትለቅማለች። የማሽኑ ጩኸት ስለማያነጋግር ለብዙ ጊዜ የተግባቡት በዓይን ነበር።

ድምጿን ጥርት አድርጎ የሰማው ቺንጋው፣ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የቀኝ እጁን ጣቶች የቆረጠው ዕለት ነው። ማሽኑን አጥፍታ እጁን በነጠላዋ ጠቀለለችና «አይዞህ፣ እኔን እያየህ ቆይ» አለችው። እያያት ሆስፒታል ደረሰ።

የቺንጋው መከለያ ከተፈታ ቆይቷል። የማበጠሪያው ባለቤት «ፍቱት፣ ሥራ ያጓትታል» ብሎ ሲያዝ እናኑ እዚያው ነበረች።

አስማረ ካሳ ጠይቆ ባለቤቱን ከሰሰ። ጠበቃው አልደበቀውም፤ «ክርክሩ ይረዝማል። እናኑ ከመሰከረች ግን ትረታለህ።»

ከመሰከረች ትባረራለች። ታናናሾቿ የሚማሩት ደግሞ በእሷ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሽማግሌ ሲልክበት አስማረ ለመታረቅ ቆረጠ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ጎንደር አራዳ ወዳለችው የኪራይ ክፍሉ መጡ። «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ትልቁ፣ አያ ሙሉሰው፣ የዕርቁን ወረቀት ዘረጉለት። ባለቤቱ ጥቂት ካሳ ይከፍላል፤ አስማረ ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት መሆኑን ያምናል።

አስማረ እስክሪብቶውን በግራ እጁ እንደያዘ እናኑ ምሳ ይዛለት ገባችና ወረቀቱን አነበበች።

«ምነው አስማረ? ጥንቃቄ የጎደለህ አንተ ነህ?»

«ተይው። ሽማግሌ ላስቀይም?»

«ሽማግሌ ነው ወይስ እኔ?»

ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ነገሩ ገባት።

«ለእኔ ብለህ ከሆነ እኔን ጠይቀኛ! አንተ ቦታ ዛሬ ሌላ ሰው ቆሟል፤ መከለያው እንደተፈታ ነው። እመሰክራለሁ። ቢያባርረኝ ጎንደር ሌላ ሥራ አይጠፋም።»

«ኧረ ይቺ ራሷ ጠበቃ ናት!» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

አስማረ ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ያለች ሴት ያልፈራችውን እሱ ሲፈራላት መክረሙ አሳፈረው። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣና የአያ ሙሉሰውን ጉልበት ሳመ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልፈርምም፤ ፍርድ ቤት ይየው።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «ይህን ሁሉ ሽበት በር ላይ አቁመህ በእንቢታ ትመልሳለህ?»

«ሌላ የምልካችሁ ቦታ አለኝ። የእናኑ አባት የሚኖሩት አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ልጃቸውን ጠይቁልኝ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ የሚሆነኝ ዘመድ እዚህ የለኝም።»

እናኑ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አሏት አያ ሙሉሰው።

«ሸጋ ነው፣ አያ» አለች ከነጠላዋ ሥር። «ግን ከመሰከርኩ በኋላ ሂዱልኝ። አሁን ከሄዳችሁ ‹ለእጮኛዋ መሰከረች› ይሉኛል።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አስማረ የክርክሩ መርዘም የከበደው ገና ያን ጊዜ ነበር።