ንጹሑ ከረጢት

በታይዋኗ የቺፕ ፋብሪካ ከተማ በሺንቹ እንደ ወትሮው ነጋ። መሐንዲሶቹ ከመንገድ ዳር የአኩሪ አተር ወተት ገዝተው በሞተር ብስክሌት መጡ፤ መታወቂያቸውን አሳይተው ገቡ። የስልክ ፕሮሰሰር ቺፕ በሚፈተሽበት ክፍል ግን መሐንዲስ ፋን ዩጂ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከመዳብ በተሠራ ከባድ የቺፕ ማቀዝቀዣ ተቀጥቅጧል። ደሙ ግድግዳውን፣ መፈተሻ ማሽኑን፣ ጣሪያውን ሳይቀር ነክቶታል።

መርማሪ ኮ ሲዩጄን ስትደርስ ፊሊፒኒያዊው የጽዳት ሠራተኛ ሮዴል በካቴና ታስሮ ነበር። ሁለቱም እጆቹ ደም በደም ናቸው።

«በሕይወት ያለ መስሎኝ አቀፍኩት፣ እመቤቴ» አለ። «ልጆች አሉኝ። ገዳይ ካላችሁኝ እዚሁ እስር ቤት መሞቴ ነው።»

«ከሬሳው ሌላ ምን ነካህ?»

«ምንም።»

«ተይዟል እኮ፤ ምን ያስለፋናል?» አለች የክፍሉ ኃላፊ ጂየን።

ኮ ማሽኑን አየች። አናቱ ላይ፣ ማሽን እንዳያስቸግር በአገሩ ልማድ የሚደረገው አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት እንደ ደንቡ ተቀምጧል። «ዛሬም ማሽን በብስኩት ታባብላላችሁ?»

«እኔማ እስቃለሁ። ያለ እሱ አልሠራም የሚለው ፐንግ ነው። ብስኩቱ ጊዜው ካለፈ ማሽኑ ያኮርፋል ይላል!» አለች ጂየን።

መሐንዲስ ፐንግ ሻውሉን በሚቀጥለው ክፍል ስልክ ይዞ ተቀምጧል። «ጌም እየተጫወትኩ ቺፑን ስፈትን ነበር። ያ ጽዳት እስኪጮህ ጣቴን ከስክሪኑ አላነሳሁም።»

«እየተጫወቱ ደመወዝ! የታደሉ ነዎት።»

«ሥራ ነው፣ መርማሪ። እስኪግል እናስሮጠዋለን።»

ኮ የፐንግን ስልክ ቺፕ ሙቀት መዝግቦ የሚያሳየውን ስክሪን አስመጥታ ሁሉንም ሬሳው ፊት ሰበሰበች።

«ቺፑ ውስጥ ብርቱና ቆጣቢ ክፍሎች አሉ» አለች። «ጌም ሲከፈት ብርቱዎቹ ይነሳሉ፤ ቺፑም ይግላል። ጨዋታው ሲቆም ይተኛሉ፣ ሥራው ለቆጣቢዎቹ ይቀራል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ይኸው መስመሩ፤ ሮዴል ከመጮሁ በፊት መሃል ላይ ወርዶ ቆይቷል። ኢንጂነር ፐንግ ጨዋታውን ትተው ነበር።»

«ሽንት ቤት ሄጄ ነው!»

«አሁን ትዝ አለዎት? ይሁን። ከረጢቱስ? ማሽኑ በሙሉ ደም ነው፤ እሱ ላይ አንድ ጠብታ የለም። ከግድያው በኋላ የተቀየረ ነው። የሮዴል እጅ ቢነካው ይቆሽሽ ነበር። ኃላፊዋ ይስቁበታል። ሰው ገድሎ ማሽኑ ያለ ንጹሕ ከረጢት እንዳይቀር የሚሰጋ አንድ ሰው ነው። ቦርሳውን ክፈቱ።»

ፐንግ ቀድሞ ዘለለ። በክርኑ የአንዱን ፖሊስ አፍንጫ ሰበረ፤ ሁለት ሌሎች ወለሉ ላይ ደፉት። ከቦርሳው በደም የራሰ የሥራ ካባ ወጣ፤ ውስጡ ደም የነካው የተጨማደደ አረንጓዴ ከረጢት ተጠቅልሏል።

«ቺፑ ሲግል ራሱን የሚያቀዘቅዝበትን መቆጣጠሪያ አጥፍቼ ነበር» አለ ፐንግ፣ ጉንጩ ወለሉ ላይ ተጣብቆ። «በሠርቶ ማሳያው ፈጣን እንዲባልልኝ። ፋን ስልኩ የሰው ኪስ ውስጥ ይቃጠላል፣ እናገራለሁ አለ። መታሁት። ከወደቀም በኋላ መታሁት።»

«ከረጢቱን ለምን ቀየርክ?»

«ታዲያ ማሽኑን ደም ባቆሸሸው ከረጢት ልተወው? ቢያምፅብንስ?»

ካቴናው ከሮዴል እጅ ወጥቶ ፐንግ እጅ ላይ ገባ።

«አንተ፣ ጽዳት» አለች ጂየን፣ «ፖሊሶቹ ሲጨርሱ ወለሉን እጠብ።»

ሮዴል ባልዲውን አነሳ። በዚያ ፎቅ ከሚሠሩት ሁሉ እሱን በስሙ ይጠራው የነበረው ፋን ብቻ ነበር። አሁን የለም።