ሳህን ላይ ያለ ጉበት

«‹ጉበትን ያድናል› ብለህ ጻፍከው?» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ ክፍሉ ሁሉ «ዶክተሬ» የሚለው ጓደኛዋ፣ ፖስተሩን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ።

ልጅቷ ገላመጠችው። ለሳይንስ ትርኢቱ አብረው ያነበቡት ጥናት እንዲህ አይልም። ተመራማሪዎቹ የጉበት ሴሎችን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አድርገው ሴል የሚጎዳ ኬሚካል ጨመሩባቸው፤ ከቅጠል የወጣ፣ ሴልን ከጉዳት የሚከላከል አንቲኦክሲዳንት አስቀድሞ የተሰጣቸው ሴሎች ብዙም አልተጎዱም። በቃ። ጠጥቶት የዳነ ሰው የለም።

«ይሄ ፉገራ ነው። እነሱ የሞከሩት ሳህን ላይ ነው።»

«አታካብጂ። ‹ሳህን ላይ› ስትያቸው ዳኞቹ ያዛጋሉ። ሰው የሚፈልገው ተስፋ ነው።»

ካልሲውን እንኳ አመሳስሎ የማያደርግ ልጅ ስለ ሰው ፍላጎት ያስተምረኛል፣ አለች በሆዷ። ግን የፖስተሩን ሌላውን ጫፍ ያዘችለት። ዋንጫውን እሷም ፈልጋዋለች።

ወላጆች መግባት ሲጀምሩ ዶክተሬ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ከዚያው ቅጠል የተጨመቀ አረንጓዴ ጭማቂ ያድል ጀመር። ጋዋኑ የታላቅ ወንድሙ ስለሆነ እጅጌው ጣቶቹን ውጦታል። ለአንዷ ሴት ብርጭቆ ሲዘረጋ ልጅቷ ቀና አለች። አክስቷ ናት። ጉበቷን ከታመመች ጀምሮ እነሱ ቤት ነው የምትኖረው።

«ይቅመሱት እትዬ፤ ጉበት ያጥባል።»

አክስቷ ብርጭቆውን ይዛ ፖስተሩን ቀስ ብላ አነበበች። የገረጣ ፊቷ ፈካ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው? አንድ ቤት እየኖርን ለምን አልነገርሽኝም? ያን የሚያቅለሸልሸኝን ክኒን ከነገ ጀምሮ እገላገለዋለሁ።»

ዶክተሬ በኩራት ጠቀሳት። ያን ጊዜ ልጅቷ አፈረች፤ በእሱ ሳይሆን በራሷ። እሱ የሚያወራውን አያውቅም። እሷ ግን እያወቀች ነው አፏን የዘጋችው።

ብርጭቆውን ከአክስቷ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አትጠጪው፣ አክስቴ። ክኒንሽንም እንዳትተዪ።»

«ምን ነካሽ?» ዶክተሬ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከ። «ዳኞቹ መጡኮ!»

ልጅቷ ማርከሩን አንስታ «ያድናል» የሚለውን ቃል በወፍራሙ ሰረዘችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከፖስተሩ አጠገብ አደረገች።

«እዚህ ተቀመጪ፣ አክስቴ» አለች። «ለዳኞቹ የምናገረውን አንቺም ስሚው።»